ከአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ጋር የመርከብ ሽርሽር ለምታስቡ፦ የመኝታ ክፍል አመራረጥ ጥቆማ ከለገጣፎ

ከነሐሴው ጉዟችን ከተመለስን ወዲህ በለገጣፎ ሠፈራችን ያሉ ሦስት ጎረቤቶች፣ አንደኛዋ እንዲያውም በዕድር ድንኳን ውስጥ ሳህን እያጠብን ሳለ፣ ያንኑ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል። ልጆቹ ወደ ጉርምስናው የገቡ ቤተሰብ የመርከብ ሽርሽር ሲያስብ የትኛውን ዓይነት የመኝታ ክፍል ቢይዝ ይሻለዋል? ለእያንዳንዳቸው በቃል ከመመለስ ይልቅ ሁለት ጊዜ ተጉዘን ያየነውንና ያወዳደርነውን በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥኩ። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ባሕር የሚያሳይ በረንዳ ያለውን አንድ ክፍል ለአራት ሰው ከመያዝ፣ በመካከላቸው በር ያላቸውን ሁለት መስኮት አልባ ክፍሎች መያዝ ይሻላል።

የመጀመሪያው ጉዟችን በ2015 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ከዱባይ የተነሣ የአንድ ሳምንት ሽርሽር ነበር። ልጄ አሥራ አምስት፣ እኅቱ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። በመሐል ከተማ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል «ለአራት ሰው የሚበቃ የቤተሰብ ክፍል» ብሎ የሸጠልን፣ ገብተን ስናየው፣ ለሁለት ሰው የተሠራና ሁለት ተጨማሪ አልጋዎች ጣሪያው ላይ ታጥፈው የተለጠፉበት በረንዳ ያለው ክፍል ነበር። ማታ እኛ እራት ላይ ሳለን የክፍሉ አስተናጋጅ አልጋዎቹን በቁልፍ ከፍቶ ያወርዳቸዋል፣ መሰላል ያስደግፍላቸዋል፤ ጠዋት ደግሞ መልሶ ያጥፋቸዋል። አልጋዎቹ ከወረዱ በኋላ እኔ ከታች ቀና ብዬ ተቀምጬ ፀጉሬን ማበጠር አልችልም ነበር። ልጄ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ደርሶ ስለ ነበር በመጀመሪያው ሌሊት ውኃ ሊጠጣ ሲነሣ ጣሪያውን በግንባሩ መታው፤ አቡ ዳቢ ላይ የተነሣናቸው ፎቶዎች ሁሉ ከዚያ እብጠት ጋር ናቸው። መታጠቢያ ቤቱ አንድ ሲሆን፣ የሻወሩ መጋረጃ ሲታጠቡ እግር ላይ ይለጠፋል፤ ልጅቷ ፀጉሯን እስክታደርቅ ድረስ አባትየው ፎጣ ታጥቆ አልጋ ጫፍ ላይ ተራውን ይጠብቃል። ያ የከፈልንበት በረንዳ የዋለው ለእርጥብ የዋና ልብስ ማስጫ ነው።

ወኪሉ ዋሽቷል ማለት አልችልም። ክፍሉ በኩባንያው ሰነድ ላይም ለአራት ሰው ተብሎ የተመዘገበ ነው። ለአራት ሰው መባሉ ግን የሚያመለክተው የአልጋውን ቁጥር እንጂ የቦታውን ስፋት አይደለም። በአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች መስኮት አልባው የውስጥ ክፍል ከ13 እስከ 17 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ በረንዳ ያለውም ከበረንዳው ውጭ ከ17 እስከ 20 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በዕጣ የደረሰን የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ እንኳ ከዚህ ይሰፋ ነበር። ልጆቹ የአምስትና የሰባት ዓመት ቢሆኑ ኖሮ ከላይ መተኛቱን እንደ ጨዋታ ያዩት ነበር፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ልብሱን የሚቀይርበት ጥግ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የመርከብ ዋጋ የሚሰላው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ሙሉ ዋጋ ሲከፍሉ ሦስተኛውና አራተኛው በአብዛኛው ቅናሽ ያገኛሉ። ስለዚህ አራት ሰው በአንድ ክፍል ማጨቁ በመጀመሪያ ሲታይ ርካሽ ነው፤ ሁለት ክፍል ከተያዘ አራታችሁም ሙሉ ዋጋ ትከፍላላችሁና። ነገር ግን የውስጥ ክፍል ሙሉ ዋጋ ከበረንዳው በብዙ ያነሰ ስለሆነ፣ ሁለቱን ስሌቶች ወደብ ክፍያንና ታክስን ጨምራችሁ እስከ መጨረሻው ብታደርሷቸው ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣል። ሁለት የውስጥ ክፍሎች በያዝንበት በነሐሴው ጉዟችን ልዩነቱ ከአንድ ሰው የደርሶ መልስ አውሮፕላን ትኬት በታች ሆኖ አገኘነው። በየቀኑ በነፍስ ወከፍ የሚታሰበው የአገልግሎት ክፍያ፣ ማለትም ቲፑ፣ በአሜሪካ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ዶላር አካባቢ የሚደርስ ሲሆን፣ አንድ ክፍልም ያዛችሁ ሁለት አይለወጥም።

መስኮት አልባው ክፍል አያፍንም ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ አየሩ እንደ ሌላው ክፍል ነው፤ የሚጎድለው ብርሃን ነው። መብራቱ ሲጠፋ ቀንና ሌሊት አይለይም፤ ልጄ በመጀመሪያው ቀን እስከ አምስት ሰዓት ተኝቶ ቁርስ አምልጦታል። ብዙ መርከቦች ከፊት ለፊታቸው ያለውን ባሕር በካሜራ የሚያሳይ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስላላቸው፣ ድምፁን ዘግቶ ሌሊቱን ክፍት መተው ንጋቱን ያሳውቃል። ጎረምሳ እንደሆነ የጨለማ ክፍል አይጠላም።

ክፍል ስትመርጡ በሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙ። ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች ማለት በሮቻቸው በኮሪደሩ የተከታተሉ ማለት ብቻ ነው፤ ተያያዥ ክፍሎች የሚባሉት ግን በመካከላቸው ካለው ግድግዳ ላይ የሚከፈት የውስጥ በር ያላቸው ናቸው። ወኪሎች ሁለቱን እያቀላቀሉ ይናገራሉ። የመርከቡን የወለል ፕላን ከኩባንያው ድረ ገጽ አውጥታችሁ ብታዩት፣ ተያያዥ ክፍሎቹ በመካከላቸው ባለ ትንሽ ምልክት፣ ተጨማሪ አልጋ ያላቸውም በሌላ ምልክት ተለይተው ታገኟቸዋላችሁ፤ የምልክቶቹ ፍቺ ከፕላኑ ግርጌ ተጽፏል። ተያያዦቹ በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ ቀድመው ያልቃሉ። የእነርሱ እንከን በውስጥ በሩ በኩል ድምፅ ማለፉ ነው፤ የማታውቁት ሰው ጎረቤት ሲሆን የሚያስመርረው ይህ ነገር፣ ከበሩ ወዲያ ያለው የራሳችሁ ልጅ ሲሆን ግን ይጠቅማል። ሌሊት ስንት ሰዓት እንደ ገባ ሳትጠይቁት ታውቃላችሁ።

ከሁሉ ርካሽ ሆኖ የሚቀርብ፣ የክፍሉን ቁጥር ኩባንያው በኋላ የሚወስንበት የዋጋ ዓይነትም አለ። ለባልና ሚስት ጥሩ ነው። ከልጆች ጋር ሁለት ክፍል ለምትይዙ ግን አልመክረውም፤ አንዱ ክፍል በአምስተኛው ፎቅ ከፊት፣ ሌላው በአሥራ አንደኛው ከኋላ ሊደርሳችሁ ይችላል። ጥቂት ጨምሩና ቁጥሩን ራሳችሁ ምረጡ። ሆዱ ቶሎ የሚረበሽ ሰው ካለ ከመርከቡ መሐል፣ ከታችኞቹ ፎቆች ያዙ፤ የመርከቡ ውዝዋዜ እዚያ ያነሰ ነው። ፕላኑ ላይ ከክፍላችሁ በላይና በታች ያለውን ፎቅም ተመልከቱ፤ ከዋና ገንዳው በታች የተኛ ሰው ንጋት ላይ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከላይና ከታች መኝታ ክፍል ያለበት ፎቅ ከሁሉ ጸጥ ያለ ነው።

ልጆችን ብቻቸውን በአንድ ክፍል ማስመዝገብ በዕድሜ ገደብ የተያዘ ነው። ለምሳሌ ሮያል ካሪቢያን የተባለው የመርከብ ኩባንያ ከሰሜን አሜሪካ በሚነሡ ጉዞዎቹ በየክፍሉ ቢያንስ አንድ 21 ዓመት የሞላው ሰው እንዲኖር ይጠይቃል፤ ወላጅ ከጎን ባለው ክፍል ሲኖር ግን ይፈቅዳል። እኛ ነገሩን በቀላሉ ፈታነው፦ አባት ከወንዱ ልጅ ጋር፣ እኔ ከሴቷ ጋር ተመዘገብን፤ የተኛነውም በዚያው መልክ ነው። ወንድምና እኅት በዚህ ዕድሜያቸው አንድ ክፍል ከሚጋሩ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለቱም ልጆች ወንድ ወይም ሁለቱም ሴት ከሆኑ ግን በምዝገባው ከወላጅ ጋር ከፋፍላችሁ፣ ከተሳፈራችሁ በኋላ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ለየክፍሉ ተጨማሪ የቁልፍ ካርድ ጠይቃችሁ አንድ ላይ አስተኟቸው።

ምዝገባውን በማን በኩል እናድርግ ለሚለው፣ ሦስቱንም መንገድ ሞክረናል። ከለገጣፎ በሲኤምሲና በመገናኛ ያለውን የጠዋት መጨናነቅ አልፈን ያነጋገርናቸው የከተማ ወኪሎች በአውሮፕላን ትኬትና በቪዛ ወረቀት የተካኑ ናቸው፤ ስለ መርከብ ፎቅና ስለ ተያያዥ ክፍል ስንጠይቅ ግን ጥያቄውን ዱባይ ላለ ሌላ ወኪል አስተላልፈው መልስ እስኪመጣ ቀናት ይወስድ ነበር። በራሳችን ካርድ ለመክፈል ስንሞክር የሄድንበት ባንክ የውጭ ምንዛሪ ለመሙላት ቪዛና ትኬት ጠየቀን፤ መርከቡ ደግሞ ቀብዱን የሚፈልገው ቪዛው ከመምጣቱ በፊት ነው። በመጨረሻ የተሳካልን አሜሪካ ያለው ወንድሜ በካርዱ ከፍሎ፣ እኛ ፕላኑን አይተን የመረጥናቸውን ሁለት ቁጥሮች በስልክ ሲያስይዝልን ነው። እንደ እኔ ውጭ ዘመድ ላለው ምርጫዬ ይህ ነው፤ ጉዞው ቢሰረዝ ተመላሹ የሚገባው እርሱ ካርድ ላይ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ዘመድ የሌለው በወኪል ይሂድ፤ ሆኖም ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የሁለቱን ክፍሎች ቁጥርና «ተያያዥ» የሚለውን ቃል በጽሑፍ ይቀበል።

የእኛ የስም ሥርዓትም እዚህ ላይ ጣጣ ያመጣል። ባልና ሚስት የየራሳቸው አባትና አያት ስም ስላላቸው፣ የልጆቹም የመጨረሻ ስም ከአባታቸው ስለሚለይ፣ ከአራታችን ሦስት የተለያዩ የመጨረሻ ስሞች ተመዘገቡ፤ ለኩባንያው ሥርዓት የማይተዋወቁ መንገደኞች መስለናል። ሁለቱ ምዝገባዎች እንዲተሳሰሩና የእራት ጠረጴዛችሁ አንድ እንዲሆን በግልጽ ጠይቁ።

ስለ ወቅቱና ቪዛው ባጭሩ ልበል። የባሕረ ሰላጤው መርከቦች የሚሠሩት በበጋችን ወራት ነው፤ ልጆቹ ረጅም ዕረፍት በሚያገኙበት ክረምት ያሉት የሜዲትራኒያን መርከቦች ናቸው፣ ዋጋቸውም የሚሰቀለው ያኔ ነው። ከዱባይ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ደርሶ የሚመለስ መርከብ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ይጠይቃል፤ የሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸውን የአውሮፓ አገሮች፣ ወደቦች ለቆ በሚመለስ ጉዞም እንዲሁ ነው። የሼንገን ቪዛ ክፍያ ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን፣ የ45 ዩሮው የሕፃናት ዋጋ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉት ብቻ ነው፤ 12 የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ከፍሎ የጣት አሻራም ይሰጣል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ሊገባ ይችላል። የመርከቡ ቀሪ ክፍያ በአብዛኛው ከ60 እስከ 90 ቀን ሲቀር ስለሚጠየቅና ከዚያ በኋላ የመሰረዣ ቅጣቱ ስለሚከብድ፣ የቪዛው መልስ ከዚያ ቀን በፊት እንዲደርስላችሁ አድርጉ።

ልጆቹ ቀኑን የሚያሳልፉበትን ክበብ ዕድሜም ተመልከቱ። ኤምኤስሲና ካርኒቫል የተባሉት የመርከብ ኩባንያዎች ሁለቱም ከ12 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 17 ብለው ይለያሉ፤ የእኔዎቹ በነሐሴው ጉዞ አሥራ ሰባትና አሥራ አራት ሆነው ስለ ተለያዩ ሁለቱም ደስ አላቸው። የልጆቹ የቁልፍ ካርድ እንደ ገንዘብም ስለሚሠራ በመጀመሪያው ቀን እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሄዳችሁ ግዢውን አዘጉት። እኛ ስላላወቅን በመጀመሪያው ጉዞ የጌም ማሽኑ ሂሳብ በመጨረሻው ጠዋት በበሩ ሥር ተንሸራቶ ገባልን።

በጃንዋሪ 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው የሽርሽር መርከብ ጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ዓለት ገጭቶ 32 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የአደጋ ጊዜ ልምምዱ መርከቡ ሳይነሣ ወይም ወዲያው እንደ ተነሣ እንዲደረግ ዓለም አቀፍ ደንብ ሆኗል። የመሰብሰቢያ ቦታው በካርዳችሁ ላይ በፊደል ተጽፏል። ሁለት ክፍል ስትይዙ የሁሉም ካርድ ላይ ያለው ፊደል አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ልጆቹ የት እንደሚቆሙ አስቀድማችሁ አሳዩአቸው።

ከሻንጣው ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃውን፣ ሻማውንና ዕጣኑን አውጡ፤ በመርከብ ላይ ክልክል ናቸው። ይህን ለአማቴ ለማስረዳት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ጀበናውን ግን ለማየት ያህልም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ አሉ። በምትኩ ጠንካራ የማግኔት መስቀያዎች ግዙ፤ የክፍሉ ግድግዳ ብረት ስለሆነ ይይዛቸዋል፣ የአራት ሰው ቦርሳና ፎጣም ከወለሉ ይነሣል። እኔ ከመርካቶ ስምንት ገዝቼ ነበር፤ ሁለቱ ልጄ ክፍል ቀርተዋል፣ ስድስቱን ከነታተመው የመርከብ ፕላን ቤት አስቀምጫለሁና ለመጪው ጥር የምትዘጋጁት ጎረቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብላችሁ ውሰዱ።