«የሥራውን ነው ያገኘው» የምትሉ ሰዎች፣ ፍርዱን አንብባችሁታል?

ሌሊት ተመልካች፦ ሰሞኑን ስለ እስር ቤት ፊልሞች የተደረገ ውይይት አዳመጥኩ። «ሻውሻንክ ሪደምፕሽን» ላይ ሚስቱን ሳይገድል ገደልክ ተብሎ የታሰረው ዋናው ሰውዬ ለብቻው ጨለማ ቤት የሚጣልበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁሉም አዘኑለት። ለምን? ንጹሕ ስለሆነ። ከዚያ አንዱ «በእርግጥ ሚስቱን ገድሎ ቢሆን ኖሮ የሥራውን ነው ያገኘው እንል ነበር» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። በጣም ነው የተናደድኩት። ጨለማ ቤት የገባው እኮ በመግደል ተከሶ አይደለም! ማስረጃዬ ይታይልኝ ብሎ ከእስር ቤቱ አዛዥ ጋር ስለተጨቃጨቀ ነው። መጀመሪያ አንድ ወር፣ ከዚያ ሌላ አንድ ወር። ይህን የፈረደው የትኛው ዳኛ ነው?

ቀጥ በል፦ እኔም ከተስማሙት ነኝ። ሰው የገደለ ሰው እንዲመቸው አልፈልግም። ፊልሙ እንድታዝኚ ተብሎ የተሠራ ነው። እስረኛው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ጠባቂው ሁልጊዜ አውሬ ነው። የሟች ቤተሰብ ግን አንድ ደቂቃ አይሰጠውም። የሥራውን አገኘ ማለት ምኑ ነው የሚያናድደው?

የሕግ ልጅ፦ «የሥራውን» የሚለው ነው የሚያናድደው። ለሥራው ዳኛ ዓመት ቆጥሮ ሰጥቶታል። ፍርዱ ላይ ዱላ አልተጻፈም፣ ረሃብ አልተጻፈም፣ ጨለማ አልተጻፈም። ነፃነቱን ማጣቱ ራሱ ነው ቅጣቱ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚጨመረውን የሚጨምረው ጠባቂው እንጂ ሕጉ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ስለ እስረኞች አያያዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች ይህን በግልጽ አስቀምጠዋል። አንድን ሰው በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው አግልሎ፣ ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ ማቆየት ክልክል ነው። ፊልሙ ላይ ያየነው ሁለት ወር ነው።

ቀጥ በል፦ ደንብ ነው ያልሽው፣ ሕግ አይደለም። ማንንም አያስገድድም።

የሕግ ልጅ፦ ልክ ነህ፣ ደንቦቹ አስገዳጅ አይደሉም። ማሰቃየትን የሚከለክለው የ1984ቱ ስምምነት ግን ያጸደቀውን አገር ያስገድዳል። ጦርነት ነው፣ አስቸኳይ ጊዜ ነው የሚል ምክንያት እንኳ አይቀበልም።

ቀጥ በል፦ ያው ስምምነት ከሕጋዊ ቅጣት የሚመጣ ሕመም ማሰቃየት አይባልም ይላል። አንብቤዋለሁ።

የሕግ ልጅ፦ ከ*ሕጋዊ* ቅጣት ነው ያለው። እኔስ ምን አልኩ? ከአዛዡ ጋር ስለተጨቃጨቀ የተጨመረው ሁለት ወር የቱ ጋ ነው ሕጋዊ የሆነው?

ማን ያውቃል፦ ንጹሕነቱ ላይ ቀጥ በል እውነት አለው። በ1932 የወጣው «አይ አም ኤ ፊውጂቲቭ ፍሮም ኤ ቼይን ጋንግ» እውነተኛ ታሪክ ነው። ሰውዬው በ1922 በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ 5 ዶላር ከ80 ሳንቲም የተወሰደበት ዝርፊያ ላይ ነበረበት። ከ6 እስከ 10 ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈረደበት፣ እግሩ በሰንሰለት ታስሮ። ፊልሙ ላይ ግን በሽጉጥ ተገዶ የገባ ሰው አደረጉት። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ተመልካቹ «የሥራውን አገኘ» እንዳይል ፈርተው ነው። ለምን ይፈራሉ? በዝርፊያው ላይ ቢኖርበትስ፣ 5 ዶላር ከ80 ስንት ዓመት ሰንሰለት ያወጣል?

ቀጥ በል፦ የ1932 ፊልም! ከዘጠና ዓመት በፊት የነበረ ነገር እኮ ነው።

ማን ያውቃል፦ ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት አላባማ በሰንሰለት አስሮ ማሠራቱን በ1995 መልሳው ነበር። በዚያው ዓመት አንድ እስረኛ ሸሚዙን አውልቀው፣ እጁን ከምሰሶ ጋር አስረው፣ ፀሐይ ላይ ሰባት ሰዓት አቁመውታል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለ ጭካኔ የተሞላበት ቅጣት ነው ያለው በ2002 ነው። ይህም ድሮ ነው?

ቀጥ በል፦ እሺ፣ እሱን ተውኩት። ፊልሙ ሲዋሽስ? ቱርክ ውስጥ ስለታሰረ አሜሪካዊ የተሠራው «ሚድናይት ኤክስፕረስ» አንድን ሕዝብ በሙሉ ጨካኝ አስመስሎ ነው የሳለው። እውነተኛው ሰውዬ በጀልባ ነው ያመለጠው። ፊልሙ ላይ ግን ጠባቂውን ገድሎ ይወጣል። የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው ኦሊቨር ስቶን ራሱ በ2004 ቱርክ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል።

ሌሊት ተመልካች፦ ይህንን እኔም እቀበላለሁ። ያ ፊልም እኔንም ያሳፍረኛል። አንዱ ስለዋሸ ግን ሌሎቹ ሁሉ ውሸት ናቸው ማለት አይደለም። «ብሩቤከር»ን እይ። አዲሱ አዛዥ እስረኛ መስሎ መግባቱ ፈጠራ ነው። የአሜሪካዋ አርካንሳው ግዛት እስር ቤት ግን እውነት ነው። የእጅ መዘውር ባለው ስልክ እስረኛን በኤሌክትሪክ ያሰቃዩ ነበር። ይህ ፊልም ባይሠራ ማን ያውቀው ነበር?

ማን ያውቃል፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሻል። ፍርድ ቤቱ የግዛቱ እስር ቤቶች በጠቅላላ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብሎ የወሰነው በ1970 ነው። ፊልሙ የወጣው በ1980። ለዚህ ሊመሰገኑ የሚገባቸው አቤት ያሉት እስረኞች ናቸው። የእነሱን ድካም ለፊልም አትስጪ።

ሌሊት ተመልካች፦ ፊልሙ ለወጠው አላልኩም። ማን ያውቀው ነበር ነው ያልኩት። እኔ ያወቅኩት በፊልሙ ነው።

በር ጠባቂ፦ ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርቻለሁ። «አውሬ» የምትለዋ ቃል ታመኛለች። ጥቂት ሆነን ብዙ ሰው እንጠብቃለን፣ እኛም እንፈራለን። ይህን የሚያሳይ ፊልም ብዙ አላየሁም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በሠራሁበት ቦታ ለብቻው የሚዘጋበት ከባድ ወንጀል የሠራው አልነበረም። ገዳዩ ብዙ ጊዜ ዝም ያለ፣ አርፎ የተቀመጠ ሰው ነው። የሚዘጋበት አፉን የሚከፍተው ነው። አቤቱታ የሚጽፈው፣ የሚመልሰው። ልጅ እግር፣ በትንሽ ስርቆት የገባ። ፊልም ላይ ሁለት ወር በደቂቃዎች ያልፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰውዬው ዓይኑን ከልሎ ይወጣል። እኔ ያየሁት ልጅ ከወጣ በኋላ ግድግዳውን ይዞ ነበር የሚሄደው። ስሙን ስትጠራው አይዞርም።

ቀጥ በል፦ ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው። ግን ያንተ ቦታ የሁሉም ቦታ አይደለም።

የእሱ እህት፦ ወንድሜን ገድለውብኛል። ገዳዩ ታስሯል። ቀጥ በል፣ የሟች ቤተሰብ ደቂቃ አይሰጠውም ያልከው ትክክል ነው። እነዚህን ፊልሞች ስጨርስ ሁሌም የሚከፋኝ እሱ ነው፤ የሞተው ሰው ስም እንኳ አይነሳም። ግን እኛን ጠርተህ ጨለማ ቤትን አትከላከል። ያን ሰው የሚመታው ጠባቂ ወንድሜን አያውቀውም። ስለ ወንድሜ ብሎ አይመታውም። መልስ ስለሰጠው ነው የሚመታው። ታዲያ እኔ ምን አገኘሁ?

ቀጥ በል፦ እግዜር ያጽናሽ። ላንቺ መልስ የለኝም። ለሌሎቹ ግን አለኝ። የሚመታ ጠባቂ ይጠየቅ፣ ክጄ አላውቅም። ለብቻ መዝጋት ግን መምታት አይደለም። ሌላውን የሚወጋ እስረኛ የት ይቀመጥ?

የሕግ ልጅ፦ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ደንቡም ያንን አልከለከለም። ሐኪም ይየው፣ ሰው ያናግረው፣ ቀኑ ይቆጠር።

ቀጥ በል፦ 15ን ማን መረጠው? ለምን 14 አልሆነም? ለምን 20 አልሆነም?

በር ጠባቂ፦ ያ ልጅ ዘጠነኛው ቀን ላይ ነበር ከግድግዳው ጋር ማውራት የጀመረው።

ቀጥ በል፦ የጠየቅኩት ስለ ቁጥሩ ነው።