ክርክር፦ በድሮዎቹ የሰይፍና የአስማት ፊልሞች ጥቁር ሰው ቦታ ነበረው?

ናሆም፦ አዲስ የፋንታሲ ፊልም ላይ ጥቁር ተዋናይ በታየ ቁጥር «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚሉ አሉ። ነበረ እኮ! እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን «ኮናን ዘ ባርባሪያን» ትናንት ማታ ደግሜ አየሁት። የኮናንን ጠላት ቱልሳ ዱምን የሚጫወተው ጥቁሩ ተዋናይ ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። ኮናንን የሚጫወተው የአርኖልድ ሽዋርዘኔገር የልብ ጓደኛ ሱቦታይ የሃዋዩ ሰርፈር ጄሪ ሎፔዝ ነው። ታሪኩን የሚተርከው ጠንቋይ ደግሞ ጃፓን የተወለደው ማኮ። ከብዙ የዛሬ ፊልም ይሻላል ባይ ነኝ።

ሕሊና፦ ናሆምዬ፣ መታየት ሌላ፣ ቦታ ማግኘት ሌላ። ጆንስ መንደር የሚያቃጥለው ክፉ ሰውዬ ነው። በ1984ቱ ሁለተኛ ፊልም ጥቁሩ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዊልት ቻምበርሌይን መጣ። እሱም የልዕልቷ ጠባቂ መስሎ ከዳተኛ ሆነ። ቪዲዮ ቤት ተቃቅፈን ስናይ ለማን ነበር የምናጨበጭበው? ለአርኖልድ አይደል?

ዳግም፦ እዚህ ላይ አልስማማም። የኮናን እናት የምትሞትበትን ቦታ እስቲ አስታውሱ። ጆንስ የራስ ቁሩን ያወልቃል። አይጮህም፣ አይቆጣም። ዝም ብሎ ያያታል። ሰይፍ የያዘው እጇ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል። አንድ ቃል ሳይተነፍስ! ፊልሙን የተሸከመው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ክፉ ሆኖ መጫወት ክብር ነው።

ማርታ፦ ተዋጊዋን ዙላን እንዴት ትረሳላችሁ? ሁለተኛው ላይ ግሬስ ጆንስ! እግሯ በሰንሰለት ታስሮ፣ በአንድ ዱላ ያን ሁሉ ወንድ ስትመክት። መጨረሻ ላይ ልዕልቷ ስትነግሥ የዘብ አለቃ አድርጋ የመረጠችው እሷን ነው። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ግቢውን ሙሉ እዞር ነበር። እንደኔ ጠቁራ፣ ጸጉሯ አጭር ሆኖ፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ሕሊና፦ ዙላን እቀበላለሁ ማርቲዬ። ግን ሰንሰለቷን የሚቆርጥላት ነጩ ኮናን ነው።

ዳግም፦ እሱስ ባሪያ ሆኖ ወፍጮ ሲገፋ አይደል ያደገው?

ጋሽ በቀለ፦ ልጆች፣ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ኮናን አባት አለው፣ እናት አለው፣ መንደር አለው፣ አምላክ እንኳ አለው። ፊልሙ የሚጀምረው አባቱ ስለ ብረት ሲያስተምረው ነው። ዙላስ? አገሯን አንድም ቀን አናይም። ደራሲው ሮበርት ሃዋርድ በ1930ዎቹ ሲጽፍ ኩሽ የሚባል የጥቁሮች አገር በዓለሙ ውስጥ ነበረ። ስሙ ለእኛ ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው ነው። ስለ ሕዝቡ የጻፈው አብዛኛው ግን ያማል። ፊልም ሠሪዎቹ ያን ንቀት አላመጡትም፤ ደግ አደረጉ። ግን አገሩንም አብረው ጣሉት።

ዳግም፦ ጋሼ፣ የኮናን ፍቅረኛ የቫሌሪያም አገር አልታየም፤ እሷ ነጭ ናት። በሁለት ሰዓት ፊልም የሁሉም ቤት አይዳረስም።

ጋሽ በቀለ፦ እሱስ እውነት ነው ልጄ። ነገር ግን ለቫሌሪያ የሚመስሏት ሰዎች በየትዕይንቱ ሞልተዋል። ዙላ ግን ብቻዋን ናት ማለት ይቻላል።

ማርታ፦ ይሄን አስቤው አላውቅም። ያን ዱላ ማን አስተማራት? እናቷ ትሆን?