ስፒሩሊናና ክሎሬላ ለጿሚ እናት ይሆናሉ?

የቢሾፍቱዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 60ን አልፋለች፤ አንድም ጾም አታስቀርም። ሁዳዴ ሲጋመስ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ሐኪምም የደም ማነስ አለብሽ ብሏታል። እህቴ ከዱባይ የስፒሩሊና ዱቄትና የክሎሬላ ካፕሱል ላከችላት፤ ሁለቱም ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ደቃቅ አረንጓዴ አልጌዎች ናቸው። «ሥጋን ይተካል፣ ቫይታሚን ቢ12 ሞልቶታል» ትላለች። እውነት ነው? እዚሁ አጠገባችን ያለው አረንጓዴ ሐይቅም ስፒሩሊና ነው መልኩን የሰጠው ይባላል። ከዚያ ቀድቶ ማድረቅስ አይቻልም?

ለምለም፦ እህቴ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ሁዳዴ በመጣ ቁጥር ይህን እጠየቃለሁ። ከቢ12 ልጀምር፣ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ስፒሩሊና ውስጥ ያለው በአብዛኛው ሰውነታችን የማይጠቀምበት ዓይነት ነው። ማሸጊያው ላይ ትልቅ ቁጥር ቢጻፍም አትመኚው። ክሎሬላ ላይ ትክክለኛው ሊገኝ ይችላል፤ መጠኑ ግን ከምርት ምርት ይለያያል። እባክሽ የእናትሽ የደም ማነስ ከብረት ይሁን ከቢ12 እጥረት ይመርመሩ። ቢ12 ከሆነ ክኒን ወይም መርፌ አለው። እጥረቱ ቆይቶ ነርቭ ይጎዳልና በዱቄት ጊዜ አታባክኑ።

ፕሮቲኑ እውነት ነው። ስፒሩሊና ሲደርቅ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው። ግን በቀን የሚወሰደው አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ እሱም 2 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። ደህና ተደርጎ የተሠራ ሽሮና ምስር ለእናትሽ ከዚህ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ከንጃሜና የተመለሰ፦ እኔ ቻድ ሠርቻለሁ። የካነም አካባቢ ሴቶች ከቻድ ሐይቅ ዳር ካሉት ኩሬዎች ስፒሩሊናውን ይቀዱና አሸዋ ላይ ያፈሱታል። ውሃው ሲሰርግ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ቆራርሰው ገበያ ያወጡታል። ዲሄ ይሉታል። ወጥ ውስጥ ገብቶ ከማሽላ ገንፎ ጋር ይበላል። እዚያ የቤት ምግብ ነው። ቢሾፍቱስ ለምን አይሆንም?

ለምለም፦ ወንድሜ፣ የካነም ሴቶች የትኛው ኩሬ፣ መቼ እንደሚቀዳ ከእናቶቻቸው የወረሱት እውቀት አላቸው። እኛ ጋ ያ የለም። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ስፒሩሊና አላቸው፤ ጭቱ ሐይቅ ላይ ፍላሚንጎዎቹን የሚቀልበው እሱ ነው። ነገር ግን ሐይቅ ውስጥ ብቻውን አይኖርም። ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጩ ዘመዶቹ አብረውት ሊበቅሉ ይችላሉ። መርዙን ማፍላትም ማድረቅም አያጠፋውም። በዓይን አይለይም። ሳይመረመር ከሐይቁ ቀድታችሁ እንዳትበሉ፣ እለምናችኋለሁ።

የቢሾፍቱዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሐይቁን ትቼዋለሁ፤ ምርመራውንም አስደርጋታለሁ። የተላከውስ ይጣል?

ለምለም፦ አይጣል። በንጹሕ ገንዳ ተመርቶ፣ ተመርምሮ የታሸገ ከሆነ በትንሹ መውሰድ ይችላሉ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ግን ክሎሬላውን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይጀምሩ፤ ቫይታሚን ኬ ስላለው ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል። አንድ ነገር ደግሞ፦ የካፕሱሉ ሽፋን ከእንስሳት ጄላቲን ሊሆን ይችላል። ማሸጊያውን አንብቢላቸው፤ ጾማቸውን ሳያውቁት እንዳይፈቱ።