ከኢትዮጵያ የተመለሰ ፋየርፍላይ፦ ቀለሙን እንግፈፈው ወይስ እንተወው?

ጥያቄ (ከካናዳ)

የተከበራችሁ የሙያ ወዳጆች፣ በምኖርበት ከተማ በአንድ አነስተኛ ሙዚየም ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። በመጋዘናችን የቆመው አውሮፕላን ፌይሪ ፋየርፍላይ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ተሠርቶ፣ ከጦርነቱ በኋላ በካናዳ ባሕር ኃይል አገልግሎ፣ በ1950ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ለኢትዮጵያ አየር ኃይል ተሽጦ፣ በመጨረሻም ለብዙ ዓመታት ሜዳ ላይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ከቆየ በኋላ ወደ ካናዳ የተመለሰ ነው። የሙዚየሙ ኃላፊ ቀለሙ በሙሉ በአሸዋ ግፊት ተገፍፎ በካናዳ ባሕር ኃይል መልክ እንዲቀባ ይፈልጋሉ። እኔ ግን በጎኑ ላይ ደብዝዞ የሚታየው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ክብ ምልክት እንዲጠፋ ልቤ አልፈቀደም። ለክርክር የሚሆን ሙያዊ ምክንያት ስጡኝ። ከዚህ ሌላ ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር ብሏል፤ የመቆጣጠሪያ ሰዓቶቹም በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡ ስለሆኑ መነካት አለባቸው ወይ የሚለው ያሳስበኛል።

መልስ (የቅርስ ጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ)

በመጀመሪያ አሸዋውን ያስቁሙልኝ። የዚያ ዘመን የአውሮፕላን ላሜራ ዱራሉሚን የሚባል ቅይጥ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በላዩ ላይ ከዝገት የሚከላከል እጅግ ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ልባስ አለው። አሸዋ ቀለሙን ብቻ መርጦ አያነሣም፤ ልባሱንም ጠርጎ ይሄዳል፣ ላሜራውንም ያጎብጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀባው ቀለም የቱንም ያህል ቢያምር ከሥሩ ያለው ብረት ከበፊቱ ይልቅ ለዝገት የተጋለጠ ይሆናል። ኃላፊውን የሚያሳምነው ይህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከመግፈፍ ይልቅ በምልክቱ ጠርዝ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል መስኮት ይክፈቱ። ስድስት መቶ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነኩ በቀስታ ያሹ፤ ወደ መሃል በቀረቡ ቁጥር ወደ አንድ ሺሕ ቁጥር ይለውጡ። በትክክል ከተሠራ ከላይ የኢትዮጵያው ቀለም፣ ከሥሩ የካናዳው፣ ከዚያም በታች የእንግሊዙ፣ በመጨረሻ መሠረቱን የያዘው ቀለም እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ተከታትሎ ይወጣል። አሮጌ ቀለም እርሳስና ክሮሜት የሚባሉ መርዛማ ነገሮች ሊኖሩት ስለሚችል ጭምብል ሳያደርጉና ጓንት ሳያጠልቁ አይጀምሩ፤ ደረቁንም በፍጹም አይሹ። እያንዳንዱን ደረጃ ከቀለም መለኪያ ካርድ ጋር ፎቶግራፍ ያንሡ። ይህ መረጃ ከተያዘ በኋላ ሙዚየሙ የፈለገውን መልክ ቢመርጥ እንኳ የጠፋ ነገር አይኖርም።

መልስ (ጡረታ የወጣ የአየር ኃይል ቴክኒሺያን፣ ከቢሾፍቱ)

ልጄ፣ እኔ የሠራሁት ከፋየርፍላይ በኋላ በመጡት አውሮፕላኖች ላይ ነው፤ ነገር ግን የተጣበቀ ሞተር ጠባዩ አንድ ነው። ያንተው ሮልስ ሮይስ ግሪፎን ነው፤ ባለ 12 ሲሊንደር፣ ከ36 ሊትር በላይ። ከሁሉ አስቀድመህ ማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) በሽቦ ከመሬት ጋር መያያዙን አረጋግጥ። ይህ ሞተር በባሩድ ካርትሪጅ ግፊት የሚነሣ ከሆነ ደግሞ የማስነሻው የካርትሪጅ ማስገቢያ ባዶ መሆኑን ሳታይ ፕሮፔለር አጠገብ እንዳትቆም፤ የተረሳ ካርትሪጅ ሳይኖር አይቀርም ብለህ ጀምር።

ቀጥሎ 24ቱንም ካንዴላዎች አውጣ፤ በየቀዳዳው ቀጭን ዘይት ከዝገት ማላቀቂያ ጋር ቀላቅለህ ጨምር፤ ከዚያም ተወው። ሳምንት እንጂ ሰዓት አትቁጠር። በየጥቂት ቀኑ በእጅህ ብቻ ሞክር፤ ረጅም እንጨት አስገብቶ መጠምዘዝ የመጣ እንደሆነ ፒስተኑ ሳይሆን ዘንጉ ነው የሚጎዳው። አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ ግሪፎን የሚዞረው መርሊን ከተባለው ከታዋቂው የሮልስ ሮይስ ሞተር በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ከአብራሪው ወንበር ሲታይ ወደ ግራ። መርሊን የሚያውቅ ሰው ልምዱን ተከትሎ ያለ አቅጣጫው ሊገፋው ይችላል። ለሙዚየም ቢሆን ሞተሩ መነሣት አያስፈልገውም፤ መዞሩና ከውስጥ በዘይት መጠበቁ ይበቃል።

ክንፉ የሚታጠፍበትንም ቦታ ፈትሽ። የብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ላሜራው ነጭ ዱቄት እያራገፈ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገላለጣል። በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለህ ንካው፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የታመመው ድምፁ የታፈነ ነው።

መልስ (በሆስፒታል የጨረር ክፍል የምሠራ፣ ከሜሪላንድ)

ስለ ሰዓቶቹ፦ ማብራታቸውን አቁመው ይሆናል፤ ይህ ግን ከአደጋ ነጻ ናቸው ማለት አይደለም። የደከመው ብርሃን ሰጪው ዚንክ ሰልፋይድ ነው፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው ራዲየም 226 የሚባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ግን ግማሹ ለመጥፋት 1600 ዓመት ይፈጅበታል። መስታወቱን እንዳይከፍቱ፣ የረገፈውን ቅርፊት እንዳይጠርጉ፣ አጠገባቸውም እንዳይበሉ። በጨረር መለኪያ ካስፈተሹ በኋላ ራዲየም እንዳለበት በላዩ የተጻፈበት የታሸገ ሳጥን ውስጥ አድርገው ከሚወጣው ራዶን ጋዝ የተነሣ አየር በሚገባበት ክፍል ያኑሩ። ለእይታ ቅጂ ቢሠራ ማንም ጎብኚ ልዩነቱን አያውቀውም።

መልስ (ከካልጋሪ)

እኔ ደግሞ ግራ ጎኑ በካናዳ፣ ቀኝ ጎኑ በኢትዮጵያ መልክ ቢቀባ ሁሉንም ያስማማል ባይ ነኝ።

መልስ (የቅርስ ጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ)

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በዚህ አልስማማም። እንዲህ ያለ አውሮፕላን በየትኛውም ቀን በየትኛውም ሜዳ ቆሞ አያውቅም። ከነቁስሉ የመጨረሻ አገልግሎቱን መልክ ይዞ ቢቀመጥ ይሻላል፤ የካናዳው ዘመን በመስኮቱና በፎቶግራፍ ይነገራል። ኖቫ ስኮሺያ በሚገኘው የሺርዎተር አቪዬሽን ሙዚየም ከኢትዮጵያ የተመለሰ ሌላ ፋየርፍላይ ስላለ፣ እነርሱ ምን እንደመረጡ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼን። ኃላፊው ስለ አሉሚኒየሙ ልባስ ከሰሙ በኋላ አሸዋውን ለጊዜው ትተውታል። ትናንት ከክቡ ምልክት ጠርዝ የመጀመሪያውን መስኮት ከፈትኩ፤ ከአረንጓዴው ሥር ግራጫ ወጣ፣ ከግራጫውም ሥር በብሩሽ የተጻፈ የአንድ ቁጥር ግማሽ። ሌላው ግማሽ ገና አልተከፈተም።