«ሴት አታሸንፍም» ስለተባለ ብቻ ዋረንን ልተዋት?

የአሌክሳንድሪያዋ፦ (እሑድ፣ ማርች 1፣ 2020)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ ከነገ ወዲያ የዲሞክራቶች ፕራይመሪ (የፓርቲው ፕሬዝዳንታዊ እጩ የሚለይበት ምርጫ) ነው። እኔ ግን እስካሁን አልቆረጥኩም። ባለፈው ዓመት ልቤ ካማላ ሃሪስ ጋር ነበር። ጁን ላይ ማያሚ በተደረገው ክርክር ባይደንን ፊት ለፊት ስትሞግተው አይቼ «ይቺ ናት» አልኩ። ዲሴምበር ላይ ገንዘብ አለቀባትና ከውድድሩ ወጣች። ከዚያ ወደ ማሳቹሴትስ ሴናተሯ ኤልዛቤት ዋረን ዞርኩ። ሁለት ልጆች ዴይኬር አሉኝ፣ ክፍያው ከቤት ኪራይ አይተናነስም፤ ስለ ሕፃናት እንክብካቤ ቁጭ ብላ ያሰበችበት እሷ ናት። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ትናገራለች፦ ሀብቱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር የሚያልፍ ሰው ከዚያ በላይ ባለው እያንዳንዱ ዶላር ላይ በዓመት 2 ሳንቲም ይክፈል።

ትናንት ግን ሳውዝ ካሮላይና ላይ ባይደን ጠራርጎ ወሰደው። እሷ አምስተኛ ወጣች። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያገኘሁት ሰው ሁሉ «በቃ ባይደን ነው» ይላል። ያናደደኝ እቅዷ መጥፎ ነው ያለኝ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። «ጎበዝ ናት፣ ግን ሴት ናት፣ ይሄ አገር ሴት አይመርጥም» ነው የሚሉኝ። አንተስ ስለው «እኔ ምንም ችግር የለብኝም፣ ሌላው ሰው ነው እንጂ»። ሌላው ሰው ማን ነው? ላስ ቬጋስ በተደረገው ክርክር ላይ ሌላውን ተወዳዳሪ ብሉምበርግን ስለ ሴቶች የተናገረውን እያነሳች ስታፋጥጠው «ቁጡ ናት» ተባለች። ሌላው ተወዳዳሪ በርኒ ሳንደርስ ጣቱን እያወዛወዘ ሲጮህ ግን ቆራጥ ነው።

በሌላ በኩል ትራምፕ እንዲሄድ በጣም ነው የምፈልገው። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ የጉዞ እገዳው ውስጥ ኤርትራን ጨመረ፣ ለሱዳኖችም ዲቪን ዘጋ። ነገ ተራው የማን እንደሚሆን አላውቅም። ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ልቤ ያለው ዋረን ጋር ሆኖ «ሰዎች አይመርጧትም» በሚል ድምፄን ለባይደን ብሰጥ ትክክል ነው? ከልባችሁ መልሱልኝ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ፦

እህቴ፣ እኔ የበርኒ ሰው ነኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሰው በፆታው አይመረጥም፣ በፆታው አይጣልም። በ2002 የኢራቅ ጦርነት ድምፅ ሲሰጥበት በርኒ ተቃወመ፣ ባይደን ደገፈ። ለኔ ወሳኙ ይሄ ነው። ዋረንን እኔም አከብራት ነበር። ግን ኦክቶበር ላይ በብዙ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ከፊት ነበረች እኮ! ያኔም ሴት ነበረች። የወረደችው የጤና መድኅን ለሁሉም እያለች ቆይታ ኖቬምበር ላይ «ቀስ በቀስ ይሁን» ስትል ነው፤ በሁለቱም ወገን ያለው ሰው አላመናትም። በርኒ «ሴት ልታሸንፍ አትችልም» ብሎኛል ያለችውን ደግሞ እሱ አላልኩም ብሏል፣ እኔም እሱን አምናለሁ። ለሽንፈት ሁሉ ፆታ ምክንያት ሲደረግ ክርክር ይጠፋል።

የፎልስ ቸርቿ እናት፦

ልጄ፣ እኔ በ2008 ፕራይመሪ እዚሁ ቨርጂኒያ ለሂላሪ ክሊንተን ድምፅ ሰጥቻለሁ። ፌብሩዋሪ 12 ነበር። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ በአንድ ቀን መርጠው ሦስቱንም ኦባማ ወሰደ። የኛ ሰው ለኦባማ የነበረውን ፍቅር ታስታውሱታላችሁ፣ አባቱ ኬንያዊ፣ የጎረቤታችን ልጅ! ያ ደስታ እውነተኛ ነበር፣ ኖቬምበር ላይ እኔም መረጥኩት። በስሙ ምክንያት ስንት ክፉ ነገር እንደተወራበትም አልረሳም። ሂላሪን የኢራቁን ጦርነት ስለደገፈች የተዋት ሰውም ምክንያት ነበረው፣ ያንን አከብራለሁ።

ግን ሌላም ነገር ነበር። ኒው ሃምፕሻየር ላይ ንግግር እያደረገች ወንዶች ተነስተው «ሸሚዜን ተኩሺ» ብለው ጮኹባት። በእሷ አምሳል የተሠራ፣ በጭኑ መሃል ለውዝ የሚሰብር አሻንጉሊት በሱቅ ይሸጥ ነበር፣ ሰውም እየገዛ ይስቅ ነበር። ድምፅዋ ሲሰበር «አለቀሰች»፣ ሳትሰበር «ድንጋይ ናት»፤ ሳቋ ሳይቀር በቴሌቪዥን ይተነተን ነበር። እኛም ብንሆን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። በ1972 ለፕሬዝዳንትነት የተወዳደረችው ሸርሊ ቺሶም ከጥቁርነቷ ይልቅ ሴትነቷ እንዳስቸገራት ተናግራለች። ጥቁር ሴት ናት ይህን ያለችው።

አንተ ልጅ፣ ስለ ኦክቶበሩ ያልከው ቁም ነገር አለው። ግን ልብ በል፣ «ትራምፕን ታሸንፋለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ የበረታባት ከፊት ስትሆን ነው። በርኒም በ2016 ፕራይመሪ ተሸንፏል፣ ባይደንም ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም። እነሱን «ወንድ ያሸንፋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ የለም።

ቁጥር ወዳጅ፦

ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ቨርጂኒያ በፓርቲው ጉባኤ እጩውን የሚመርጡ 99 ተወካዮች አሏት፣ የሚከፋፈሉትም በድምፁ መጠን ነው። ግን በግዛት ደረጃም ሆነ በወረዳ 15 በመቶ ያልሞላ እጩ ከዚያ ድርሻ ምንም አያገኝም። ኒው ሃምፕሻየር ላይ ዋረን 9 በመቶ አግኝታ አንድም ተወካይ አልወሰደችም። ስለዚህ «አታሸንፍም» ብሎ የሚተዋት ሰው በበዛ ቁጥር ሥራዋ ዜሮ ይሆናል፣ ያ ደግሞ መልሶ ማስረጃ ይደረጋል። «ቨርጂኒያ ሴት አትመርጥም» ለሚላችሁ ደግሞ በ2018 ዌክስተን፣ ስፓንበርገርና ሉሪያ የተባሉ ሦስት ሴቶች እዚሁ ግዛት ሦስት የሪፐብሊካን የኮንግረስ ወንበሮችን ነጥቀዋል።

ሁለተኛ፣ እኔ ራሴ ባይደንን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ፆታ አይደለም። ሳውዝ ካሮላይና ላይ ያነሱት ጥቁር መራጮች ናቸው፣ ብዙዎቹም ሴቶች። በ2016 ከማንም በላይ ለሂላሪ የቆሙት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ትራምፕን ማን እንደሚጥል አስልተው ነው የወሰኑት፣ እኔ ስሌታቸውን አምናለሁ። እነሱን ሴት ጠል ማለት ስድብ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይህን ስጽፍ ሌላው ተወዳዳሪ ቡተጀጅ ራሱን ከውድድሩ እንዳገለለ ተሰማ፣ ነገሩ በየሰዓቱ እየተቀየረ ነው።

ቁጥር ወዳጅ፣ ያንተ ምክንያት ያንተ ነው፣ ያገር ስሌት ነው፣ አልከራከርህም። እኔ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያገኘሁት ሰው ግን ሌላ ነው፣ የራሱን ሐሳብ «ሌላው ሰው» ላይ የሚለጥፍ። እትዬ፣ እርስዎ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ሸሚዝ ተኩሺ የሚለውን አላመነም ነበር።

ወስኛለሁ፣ ማክሰኞ ዋረንን ነው የምመርጠው። የማላውቀው ሰው ለሴት አይሰጥም ብዬ ገምቼ የሱን ድምፅ በእጄ አልሰጥለትም። በራሷ ግዛት ማሳቹሴትስ እንኳ ብትሸነፍ ኖቬምበር ላይ ከትራምፕ ፊት የሚቆመውን፣ ባይደንም ይሁን በርኒ፣ ተሰልፌ እመርጣለሁ። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ምርጫ ጣቢያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው፣ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያዙ፣ እዚህ በፓርቲ መመዝገብ አያስፈልግም። የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ፣ ሜሪላንድ ግን እንደኛ አይደለም፤ ዲሞክራት ብለህ ካልተመዘገብክ ኤፕሪል 28 በርኒን መምረጥ አትችልም፣ ዛሬውኑ አረጋግጥ።