«ኔይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከ«ኖ» በምን ይለያል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ ኮንግረስ የድምፅ መዝገብ ላይ ተቃውሞ የሚጻፈው «ኔይ» ተብሎ ነው። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም፣ በማቴዎስ 5፥37 «አይደለም አይደለም» በምንልበት ቦታ ይኸው ቃል ይገኛል። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ልዩነቱን ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦
«ኖ» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደ ሲሆን «ኔይ» ከስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች ቋንቋ የገባ ነው። ቀድሞ ሁለቱ ሥራ ተከፋፍለው ነበር፤ «መጣ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው አለመምጣቱን ሲናገር «ኔይ»፣ «አልመጣም ወይ?» ተብሎ በአሉታ የተጠየቀ ደግሞ «ኖ» ይል ነበር። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ሞር በ1532 የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚውን ዊልያም ቲንደልን ከነቀፈባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ በዮሐንስ 1፥21 «ነቢዩ ነህን?» ለሚለው ጥያቄ ቲንደል «ኔይ» ማለት ሲገባው «ኖ» ብሎ ተርጉሟል። ክፍፍሉ ዛሬ ፈጽሞ ጠፍቷል። በኮንግረስ ቃሉ የቆየው በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥት፣ ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው ሲጠይቁ ድምፁ በዚሁ ቃል እንዲመዘገብ ስለሚያዝ ነው።

ሌላ መልስ፦
በጽሑፍ የሚያገኙት «ኔይ» ብዙ ጊዜ እምቢታ አይደለም። «ሥራው ከባድ፣ ኔይ፣ የማይቻል ነው» ሲባል ቃሉ የእኛን «እንዲያውም» ተክቶ የቀደመውን አነጋገር ያጠነክራል። በንግግር ግን «ኖ» ይበቃዎታል።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስፈልገን፣ በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ «ኖ»ን በቦታው ማዋል ይመስለኛል። በአማርኛ «አልበላህም?» ስንባል «አዎ፣ አልበላሁም» ብለን ከጠያቂው ንግግር ጋር እንስማማለን፤ እንግሊዝኛ ግን የሚያየው ነገሩ መሆን አለመሆኑን ስለሆነ መልሱ «ኖ» ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ «የመድኃኒት አለርጂ የለብህም?» ብትለኝ፣ እንደሌለብኝ ለማረጋገጥ «የስ» አልኳት። እርሷም ወዲያው የትኛው መድኃኒት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደግነቱ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ስላላቸው የአለርጂውን ምሳሌ ዛሬውኑ አስረዳቸዋለሁ።