«የሞተ ቋንቋ» ብላችሁ ያጨበጨባችሁ እስኪ ኑ

የአንገረብ ልጅ
ቅዳሜ ጎንደር ፒያሳ በነበረው የተመራቂዎች ውይይት የነበራችሁ ሰምታችኋል። ሶፍትዌር ቤት ያለው ሰውዬ ተማሪ ምን ይማር ተብሎ ሲጠየቅ «ግቢ ውስጥ የሞተ ቋንቋ ማስታቀፉን ትታችሁ ሪአክትና ፍላተር አስተምሩ፣ ኮንሰፕት ሆድ አይሞላም» አለና (ድረ ገጽና የስልክ አፕ መሥሪያዎቹን ማለቱ ነው) አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ከዛን ሰዓት ጀምሮ ውስጤ እየነደደ ነው። የፕሮግራሚንግ ላንጉጅ ኮንሰፕት ኮርስን (የፕሮግራም ቋንቋዎች ከውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስተምረውን) ባልወስድ ኖሮ እስከዛሬ ከሰው ኮድ እየገለበጥኩ ነበር የምኖር። ያጨበጨባችሁ እስኪ ኑና አስረዱኝ።

ሳሙና በር
አጨብጭቤያለሁ፣ እኔ ነኝ። በ1958 የተሰራ ሊስፕ፣ በ1972 የተሰራ ፕሮሎግ የሚባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች (ዓመቱ በፈረንጅ ነው) ይዤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ወረቀት ላይ የሊስፕን ቅንፍ ስቆጥር ከረምኩ። ተመርቄ ስምንት ወር ሥራ ስፈልግ ሊስፕ ትችላለህ ወይ ያለኝ አንድ ሰው የለም፣ ሁሉም ሪአክት ሰርተሃል ወይ ነው። አባቴ ዳባት ላይ በሬ ሸጦ ነው ያስተማረኝ፣ እሱ ፊት ቆሜ ኮንሰፕት ተምሬያለሁ ልበለው? ሰውየው እውነቱን ነው የተናገረ።

የአንገረብ ልጅ
የአባትህ ነገር ይገባኛል ወንድሜ፣ የኔም አባት ገበሬ ነው። ግን «የሞተ» የምትለዋን ቃል አለቅህም። ሪአክት ነው የምትሰራው አይደል? ሰዓት ቆጣሪ ሰርተህ በየሰከንዱ አንድ ይጨምር ብለኸው 1 ላይ ደርቆ ቀርቶብህ አያውቅም? ያ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ሲፈጠር ያየውን 0 ይዞ ስለቀረ ነው፣ ሁሌም 0 ላይ 1 እየደመረ 1 ይልሃል። ክሎዠር ነው ይኸ፣ ስኪም የሚባለው የሊስፕ ልጅ በ1975 አጥርቶ ያስቀመጠው። ሪአክት በ2019 ሁክስን (ፈንክሽን የራሱን ዋጋ እንዲይዝ የሚያደርገውን መንገድ) ሲያመጣ ይኸው ነገር በየቀኑ የምትነካው ሆነ። እና የሞተ ነው ያልከው ስክሪንህ ላይ ቁጭ ብሎ እያየህ ነው።

ሳሙና በር
አጋጥሞኛል። ዩቲዩብ አይቼ በአስር ደቂቃ ፈታሁት፣ ሴሚስተር አላስፈለገኝም።

ቀሃ ዳር
«በአስር ደቂቃ» ትላለህ እሺ፣ የኔን ስማኝ። ባለፈው ዓመት እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለአንድ ካፌ የሂሳብ ሲስተም በፓይተን ሰራን። ገና ጠዋት ነው፣ የመጀመሪያው ሰው ማኪያቶና ፉል አዘዘ፣ ከፍሎ ሄደ። ሁለተኛዋ ሴትዮ ሻይ ብቻ አለች። ቢሏ ሲወጣ ማኪያቶ፣ ፉል፣ ሻይ። ሦስተኛው ላይ የሁለቱም ተደርቦ መጣ። አስተናጋጇ ልጅ ሆን ብላ ያደረገችው መስሏቸው ደንበኞች ፊት ጮኹባት፣ ያን መቼም አልረሳውም። እኛ ሁለት ሌሊት ሙሉ ዳታቤዙን ስንበረብር አደርን። ለካ ትዕዛዝ የሚቀበለው ፈንክሽን ላይ ባዶ ሊስት (ዝርዝር መያዣ) ዲፎልት፣ ማለትም ሌላ ካልተሰጠው የሚጠቀምበት፣ አድርገን ሰጥተነው ነበር፣ ፓይተን ደግሞ ያቺን ሊስት ፈንክሽኑ ሲፈጠር አንዴ ነው የሚሰራት፣ በየጥሪው አዲስ አይሰራም። ሁሉም ደንበኛ አንድ ወረቀት ላይ ነበር የሚጻፈው ማለት ነው። የፈታነው ከኛ አንዷ የኮርሱን ደብተር ይዛ መጥታ፣ ይኸ ነገር መቼ ነው የሚሰላ፣ ሲታወጅ ነው ወይስ ሲጠራ ብላ ስለጠየቀች ነው። ዩቲዩብ ላይ ምን ብዬ ልፈልግ? «ሻይ ያዘዘችው ሴትዮ ፉል መጣባት» ብዬ?

ሳሙና በር
እሺ ያንቺ ትክክል ነው እንበል። ግን ለዛ ሊስፕ ለምን አስፈለገ? በፓይተኑ ራሱ አያስተምሩንም ወይ? እኔ ኮንሰፕት አይኑር አላልኩም፣ የሞተ ቋንቋ ይቅር ነው ያልኩ።

የየኔታ ተማሪ
ኧረ ተው፣ ይቺ «የሞተ ቋንቋ» የምትለው ንግግር ጎንደር ላይ ስትነገር ታመኛለች። እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ከመግባቴ በፊት አራት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩ። ግዕዝ ገበያ ላይ የሚያወራው የለም፣ እና የኔታ ጊዜያችንን አባከኑብን? መጀመሪያ የሚያስይዙህ ስምንቱን የግስ አርእስት ነው፣ ሌላው ግስ ሁሉ በነሱ መልክ ነው የሚረባ፣ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። እነዚህን አስረግጦ የያዘ ልጅ አይቶት የማያውቀውን ግስ ስትሰጠው ቤቱን አግኝቶ ያረባልሃል። ያልያዘ አንድ በአንድ እየሸመደደ ይኖራል። ፕሮግራም ቤት ስገባ ስኮፕ (ስም የሚታወቅበት ክልል)፣ ታይፕ (የዋጋ ዓይነት)፣ ፓራሜተር ማስተላለፍ (ለፈንክሽን ዋጋ መስጠት)፣ ክሎዠር ሲሉኝ አርእስቱን እየሰጡኝ እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ። ሪአክት አንድ ግስ ነው። ነገ ሌላ ይመጣል።

ሳሙና በር
ግዕዝን አታስገባብኝ በማርያም። ስለ ግዕዝ አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ እኔም የተጠመቅሁ ልጅ ነኝ።

ማራኪ ሰፈር
አራት ዓመት ቅኔ ቤት ጎንደር ነው ያልከው? ይቅርታ ግን ቅኔ ለመማር የሚኬደው ዋሸራና ጎንጅ ነው፣ ዋድላም አለ። የጎንደር ስም የሚጠራው በአታ ቤተ ክርስቲያን ላይ በአቋቋም (በዝማሜና በጸናጽል በሚቀርበው ዜማ) ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደባለቅ ዝም ማለት አልችልም።

የየኔታ ተማሪ
ጎንደር ተማርኩ መቼ አልኩ? ቅኔውን ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ የተማርኩት ጎጃም ወርጄ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብዬ ለምኜ ነው። አቋቋሙን ነው በአታ የጀመርኩት። አንብበህ መልስ።

ማራኪ ሰፈር
እሱን መጀመሪያ ብትለው ምን ነበር። የበአታን ስም ግን ማንም በቀላሉ እንዲያነሳው አልፈልግም።

የአንገረብ ልጅ
ወደ ነገራችን። ሳሙና በር፣ «በፓይተኑ ራሱ ያስተምሩን» ላልከው መልስ አለኝ። አንድ ቋንቋ ብቻ ካየህ የቋንቋው ጠባይ የተፈጥሮ ሕግ ይመስልሃል። ፓይተን 3 ላይ ተለዋዋጭህን በፊደላችን «ዋጋ» ብለህ ብትሰይመው ይቀበልሃል፣ ኢፍ (if) የሚለውን የቋንቋውን ቃል ትተህ «ከሆነ» ብትለው ግን አይገባውም። ለምን? ይኸ ጥያቄ እንዲመጣብህ ራሱ ሌላ ቋንቋ ማየት አለብህ። ፕሮሎግ ላይ እንዴት እንደሚሰራ አትነግረውም፣ እውነቱን ትዘረዝርለትና ጥያቄ ትጠይቀዋለህ። እኔ መጀመሪያ ቀን የአያቶቼን ዘር ጽፌ «የእገሌ አክስት ማናት» ስለው ሲመልስልኝ ሌሊቱን አልተኛሁም።

አስተማሪው
ልጆች፣ ይህን ኮርስ ካስተማሩት አንዱ ነኝ፣ የቱ ግቢ እንደሆነ ይቅር። ሳሙና በር ያለውን ወረቀት ላይ ቅንፍ መቁጠር አልክድም፣ እኔም አስቆጥሬያለሁ። የኮምፒውተር ላብ ተይዞልን መብራት ሲሄድ በስላይድ ጨርሰናል። የመውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም ለሁሉም ትምህርት ሲመጣ ደግሞ ተማሪው 50 ከመቶ እንዲያልፍልኝ ብዬ ምርጫ ጥያቄ ወደማስፈታት ሄድኩ። ይህ ጥፋቴ ነው። ግን ኮርሱን አውጥታችሁ አትጣሉት። ፍላተር ለምትሰሩት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቶኒ ሆር የሚባለው ሰው በ1965 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ለአልጎል ደብልዩ ቋንቋ ናል ሪፈረንስን፣ ማለትም ወደ ምንም ነገር የማይጠቁመውን ባዶ ዋጋ፣ ያስገባው ለመሥራት ቀላል ስለነበረ ብቻ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል፣ በ2009 ቆሞ የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ነው አለ። የፍላተር ቋንቋ ዳርት ናል ሴፍቲን (ናል ሊመጣ የሚችልበትን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀውን ጥበቃ) አጽንቶ ያመጣው በ2021 ነው። መካከሉን ቁጠሩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ናል ላይ ስንት ፕሮግራም ወድቋል። የቋንቋ ዲዛይን ማለት ይህ ነው፣ አንድ ሰው አንድ ቀን ያቀለላት ነገር ሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ላይ ትከብዳለች።

ሳሙና በር
መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ እንዲህ ብለው ቢያስተምሩን ኖሮ እኔም አላጨበጭብም ነበር። የነገሩን ግን «የሠራ ሰው ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅሙ፣ ጉዳቱ» ነው። ሆርን ዛሬ ገና ከእርስዎ ሰማሁት። ናል ሴፍቲን ፍላተር ስሰራ ቀይ መስመር ሲያሰምርብኝ የጥያቄና የቃለ አጋኖ ምልክት እየደረደርኩ ነው ያለፍኩት።

ቀሃ ዳር
እሱ ቃለ አጋኖ እኮ ነው የሚገድልህ። ናል አይደለም ብለህ ማልክለት ማለት ነው። ውሸት ሆኖ ሲገኝ አፑ ደንበኛው እጅ ላይ ይወድቃል።

ሳሙና በር
ታውቂያለሽ አሁን ይኸን ስትነግሪኝ ተናደድኩ። አንቺ ላይ አይደለም። አራት ዓመት ተቀምጬ ይኸን የሚነግረኝ ማጣቴ ነው የሚያናድደኝ። እና ሰውየው የተናገረው ትክክል ነው የምለው ለዚህ ነው፣ እንዲህ ከሆነ ትምህርቱ ቢቀር ይሻላል።

የአንገረብ ልጅ
እንዴት ቢቀር ይሻላል? ወጡ ጨው በዛበት ተብሎ ድስቱ ይሰበራል?

ሳሙና በር
ጨው የበዛበትን ወጥ የበላሁት እኔ ነኛ።

አስተማሪው
ልክ ነህ ልጄ። የሚቀጥለው ሴሚስተር አንዷን ትንሽ ፕሮግራም፣ የካፌዋን ቢል፣ በአራት ቋንቋ አሰርቼ ላሳያቸው አስቤያለሁ። ቀሃ ዳር ታሪክሽን ብወስደው ትፈቅጃለሽ?

ቀሃ ዳር
ይውሰዱት መምህር፣ የአስተናጋጇንም አይተዉት ብቻ።

ሳሙና በር
እኔ ልተኛ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ኢንተርቪው አለኝ። ሪአክት ነው፣ ሊስፕ አላሉም።

የአንገረብ ልጅ
ቆጣሪውን ሊጠይቁህ ይችላሉ። ለምን 1 ላይ እንደሚቆም ሳትተኛ አንዴ ጽፈህ እየው፣ ካልገባህ ደውል፣ እስከ ስድስት ሰዓት አልተኛም።